ያለ መካሪ ክፍል የገባሁበት ዓመት

በዳላስና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስንገናኝ፣ ዲግሪያቸውን ይዘው መጥተው በኤርፖርት ፓርኪንግ፣ በግሮሰሪና በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠሩ እህቶችና ወንድሞች ደጋግመው ይጠይቁኛል። «አስተማሪ የሆንሽው እንዴት ነው? እኛስ መሆን እንችላለን?» ይሉኛል። ትችላላችሁ። እኔ ከቻልኩ ማንም ይችላል። ይህን ብቻ ብዬ ብለያቸው ግን ግማሹን እውነት እንደ ደበቅኩ ይቆጠራል። ሰው የሚያየው ዛሬ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የመምህርነት መታወቂያና የአሠልጣኝነት ፊሽካዬን ነው። ከዚህ በፊት ያለፈችው ዓመት ምን እንደምትመስል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያች ዓመት በሕይወትና በጤና መውጣቴን የፈጣሪ ቸርነትና የአንዲት ሴት ደግነት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ስለዚህ ያየሁትን እመሰክራለሁ።

መንገዱ በቴክሳስ አማራጭ የመምህርነት ፈቃድ የሚባለው ነው። መምህርነትን በኮሌጅ ያልተማረ፣ ግን በሌላ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው፣ ደመወዝ እየተከፈለው እያስተማረ ፈቃዱን የሚያገኝበት ሥርዓት ነው። የተጀመረው የመምህር እጥረት ባየለበት ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ኒው ጀርዚ ይህን መንገድ ከፈተች፣ በ1985 ደግሞ የሂዩስተን ከተማ ትምህርት ቤቶች በቴክሳስ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ጀመሩ። ዛሬ በዚህ ግዛት ፈቃድ ከሚያገኙ አዳዲስ መምህራን ብዙዎቹ በዚሁ በር የሚገቡ ናቸው። እኛ አገር በመምህራን ማሠልጠኛ ወይም በኮተቤ የተማረ ሰው መጀመሪያ የነባር መምህር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያያል፣ ይለማመዳል፣ ከዚያ ራሱን ችሎ ይገባል። በአማራጩ መንገድ ግን ትምህርቱና ሥራው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ተማሪዎቹን ከተረከብክበት ቀን ጀምሮ ማርክ የምትሰጠው፣ ለወላጅ የምትጠየቀው አንተ ነህ።

እኔ ያደግኩት አሰላ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመርቄ፣ ዲቪ ደርሶኝ ወደዚህ መጣሁ። ለዓመታት በአረጋውያን መንከባከቢያ በሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ሥራው የተከበረ ሥራ ነው፤ ሽማግሌ ማገላበጥ፣ ማጠብና ማጉረስ ትዕግሥት አስተምሮኛል። ልቤን ያነሳሳው ልጄ ናት። የምትማርበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር በማጣቱ፣ ክፍሏ ሒሳብ በማያውቅ ተተኪ መምህር ሲጠበቅ ሰነበተ። የቤት ሥራዋን ሳስጠናት «እማዬ፣ አንቺ ለምን አታስተምሪንም?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ግን የዋዛ አይደለም። የአዲስ አበባው ትራንስክሪፕቴ እንደታሸገ መጥቶ፣ ግዛቱ በሚቀበለው ድርጅት በኩል ኮርስ በኮርስ ወደ አሜሪካ ደረጃ ተተመነ። ወደ አማራጩ ፕሮግራም ለመግባት አማካይ ውጤት ከ2.5 ማነስ የለበትም። ቀጥሎ የሒሳብ ፈተናው አለ፤ ለሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚሆነው 100 ጥያቄ ሲኖረው፣ አምስት ሰዓት ይሰጥበታል። ማለፊያው ከ300 240 ነው። በዚያን ጊዜ ለአንድ ፈተና 116 ዶላር ይከፈል ነበር፣ አንድን ፈተና መውሰድ የሚፈቀደውም በጠቅላላው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ሌሊት ሕመምተኞቼ ሲተኙ፣ በዕረፍት ክፍሉ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ ያልነካሁትን ካልኩለስና ትሪጎኖሜትሪ ከለስኩ። አለፍኩ። ከዚያ ወደ ክፍል ከመግባት በፊት በዚያን ጊዜ ይፈለግ የነበረው የ150 ሰዓት ትምህርትና የ30 ሰዓት የክፍል ምልከታ ተከተለ። ትምህርቱን አብዛኛውን የወሰድኩት ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ነው። የጣት አሻራዬን ሰጠሁ፣ የአንድ ዓመት የተለማማጅ ፈቃድ ተቀበልኩ። የፕሮግራሙ ክፍያ ጥቂት ሺህ ዶላር ነው፤ ትልቁ ድርሻ በየወሩ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቼ ፈረምኩ።

ሥራ ፍለጋ ስገባ የጠበቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ርዕሰ መምህር ስለ ሒሳቡ ጥቂት ከጠየቁኝ በኋላ «ሩጫ ማሠልጠን ትችያለሽ?» አሉኝ። በቴክሳስ ይህ እንግዳ ጥያቄ አይደለም። በ1910 የተመሠረተውና በኦስቲን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሠራው የትምህርት ቤቶች ውድድር ሊግ፣ አሠልጣኞች በመሠረቱ የትምህርት ቤቱ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች እንዲሆኑ ይጠይቃል። ስለዚህ አሠልጣኝ ሲፈለግ የሚፈለገው መምህር ነው። የሒሳብ መምህር እጥረት ደግሞ በግዛቱ ሁሉ አለ። ሒሳብ አስተምሮ ሩጫ የሚያሠለጥን ሰው ሲገኝ ማንም አያልፈውም። እኔም አሰላ በትምህርት ቤት ዘመኔ በየክፍሉ ውድድር የሮጥኩ፣ የስፖርት መምህራችን ጠዋት ጠዋት ያሠለጠኑኝ ልጅ ነበርኩና፣ «እችላለሁ» አልኩ። የሴቶች አገር አቋራጭ ቡድን ተሰጠኝ።

አሠልጣኝነትም የራሱ ፈቃድ አለው። የልብና የትንፋሽ ማነቃቂያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የጭንቅላት ግጭት ጉዳትንና የሙቀት ሕመምን የማወቅ ሥልጠናዎችን ወሰድኩ። ልጆቹን ወደ ውድድር ለማድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ እዚህ አገር አሠልጣኙ ራሱ አውቶቡሱን መንዳቱ የተለመደ ነው። ገና ሳይነጋ ልምምድ፣ ከዚያ ሙሉ ቀን ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልምምድ፣ ማታ የፕሮግራሙ ኮርስ፣ ሌሊት ማርክ ማረምና ሌሰን ፕላን። ቅዳሜ ውድድር ነው። ቀኔ እንዲህ ሆኖ ተሞላ።

በኦገስት 2022 ትምህርት በተከፈተበት የመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ ሠላሳ የሚደርሱ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጠበቁኝ። ሒሳቡን አውቀዋለሁ። ሠላሳ ልጅ አንድ ላይ ወደ ሒሳብ እንዴት እንደሚመለስ ግን ያስተማረኝ አልነበረም። ገና ስናገር አንዱ «ሚስ፣ የምትይው አይገባኝም» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ሁሉ ያንን ሳቅ የሚመስል ነበር። አንዱን ሳስቀምጥ ሌላው ይነሳል፤ ወደ ሰሌዳ ስዞር ስልክ ይወጣል፤ ሦስቱ ሲገባቸው ሃያዎቹ ይጠፋሉ። ማታ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሞተሩን ሳላስነሳ የምቆይባቸው ጊዜያት በዙ። ዲግሪዬን፣ እንግሊዝኛዬን፣ አስተዳደጌን ሁሉ ተጠራጠርኩ።

ደንቡ ለእያንዳንዱ ተለማማጅ በዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ መካሪ መምህር እንዲመደብለት ያዛል። ለእኔም ተመድቦልኝ ነበር፤ ቅጹ ላይ ስሙ ሰፍሯል፣ ፊርማውም አርፎበታል። ነገር ግን የእሱና የእኔ ነፃ ክፍለ ጊዜ አይገናኝም፣ እሱም ከሰዓት በኋላ የራሱን ቡድን ይዞ ሜዳ ይወርዳል። በኮሪደር ስንተላለፍ «እንዴት ነው?» ይለኛል፤ «ደህና ነው» እለዋለሁ። ምክሩ ይህችው ነበረች። ፕሮግራሙ የሚልከው የመስክ ተቆጣጣሪ በበኩሉ በዓመቱ ውስጥ በተቆጠሩ ጊዜያት እየመጣ፣ ለ45 ደቂቃ ከኋላ ተቀምጦ ይመለከተኛል። የሚሰጠኝ አስተያየት ጥሩና ትክክል ነበር፤ እሱ ከሄደ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ግን ለብቻዬ ነው የምሻገራቸው።

ከኮሪደሩ ማዶ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ነበሩ። ማንም ለእኔ አልመደባቸውም፤ የሚጨመርላቸው ክፍያም አልነበረም። የክፍሌን ጫጫታ ሲሰሙ ሰንብተው፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ምግባቸውን ይዘው ገቡና ከተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ስሚኝ» አሉኝ። «ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመሽ ጠብቂያቸው። እያንዳንዱን በስሙ ጥሪው። ስሙን ሳትጠሪው የገባ ልጅ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ እንግዳ ደግሞ ለቤቱ አይጠነቀቅም።» ቀጠሉና «ደወሉ ሳይደወል የመጀመሪያው ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይሁን። ለወላጅ መጀመሪያ የምትደውይው ልጁ ደህና ነገር የሠራ ዕለት ይሁን። አነጋገርሽ ካልገባቸው ዋናውን ቃል እየተናገርሽ ጻፊው፤ አፍሽን አትፈሪው» አሉኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆምኩ። የስሞቹ አጠራር ጠፍቶኝ አንዳንዶቹን ደግመው እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። እነሱም በደስታ አረሙኝ፤ የእኔንም ስም አጠራር ጠየቁኝ። ክፍሉ በአንድ ቀን አልተለወጠም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ግን በዚያ ቀን አተረፍኩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አሥር ሆኑ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየመጡ ከኋላ ይቀመጡ ነበር። ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ ይነግሩኛል፤ ያችን አንድ ነገር በሳምንቱ ውስጥ እሠራታለሁ።

የክፍሉ መከራ ገና ሳይበርድልኝ የሜዳው መጣ። የቴክሳስ ኦገስት ለሚያውቀው አይነገርም፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በሴንቲግሬድ 38 ማለፉ የዘወትር ነው። በአንዱ ሳምንት አዲስ የመጣች አንዲት ልጅ ቡድኑን ተቀላቅላ ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ አሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለአዲሶቹ አጭርና ቀላል ሩጫ ነበር የሰጠኋቸው። እሷ ግን በቡድኑ ውስጥ ቦታ ለማግኘት ጓጉታ፣ ከነባሮቹ ጋር ለመድረስ ካልኳት በላይ ሮጠች። ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ከዛፎቹ ጥግ ስትመጣ አየኋት። እግሯ ቀጥ ብሎ አይረግጥም። «ደህና ነሽ?» ብዬ በስሟ ጠራኋት፤ አየችኝ፣ ግን አላወቀችኝም። የተናገረችው ነገር ትርጉም አልነበረውም። ክንዷን ስይዘው በላብ ተነክሮ ያቃጥላል።

በሥልጠናው ላይ የተነገረን አንድ ነገር በዚያች ቅጽበት ፊቴ ላይ ቆመ፤ በሙቀት የሮጠ ሰው ሲደናገር ደክሞት ነው ብለህ አትጠብቅ። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ አእምሮውን ነክቶታል ማለት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ከቀዘቀዘ ይተርፋል፣ ከዘገየ ግን የውስጥ አካሉ ይጎዳል። ማቀዝቀዝ ይቅደም፣ ማጓጓዝ ይከተል፤ ሕጉ ይኸው ነው። በሜዳው ዳር የስፖርት ጉዳት ባለሙያዋ በየልምምዱ የምታዘጋጀው ትልቅ ገንዳ ነበረን። በረዶና ውሃ ይሞላበታል። ከሌላ አሠልጣኝ ጋር ልጅቷን ተሸክመን ከነልብሷ እስከ አንገቷ ከገንዳው ውስጥ አስገባናት። እኔ ከኋላዋ ተንበርክኬ በብብቶቿ ስር ይዣት፣ ጭንቅላቷ እንዳይሰምጥ ደረቴ ላይ አስደገፍኩት። ባለሙያዋ በረዶውን ታማስላለች፣ ሙቀቷን ትለካለች። አንዲት ልጅ 911 ደወለች። ሌሎቹ ከጥላው ሥር ቆመው ያለቅሳሉ።

ልጅቷ መጀመሪያ ታገለችን፤ ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋ ከትግሏ ይልቅ አስፈራኝ። በአማርኛ እመቤቴ ማርያምን መጥራቴን የነገሩኝ በኋላ ነው። አምቡላንሱ ሲደርስ ባለሙያዋ «ገና አልቀዘቀዘችም፣ አላወጣትም» ብላ ቆመች፤ የአምቡላንስ ሠራተኞቹም ቃሏን ተቀበሉ። ሙቀቷ ሲወርድ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቀጥሎ ዓይኗን ገልጣ «ኮች፣ በረደኝ» አለችኝ። በሕይወቴ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነው።

ሆስፒታል እናቷ ከሥራ በለበሰችው ዩኒፎርም መጣች። እንግሊዝኛ አትችልም፣ እኔ ስፓኒሽ አልችልም። እጆቼን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገቻቸው፤ ሁለታችንም አለቀስን። ልጅቷ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ክፍል ተመለሰች፤ ሐኪም ፈቅዶላት ቀስ በቀስ ወደ ሩጫውም ገባች። እኔ ግን ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ዓይኔን ስጨፍን ያ የማያውቀኝ እይታዋ ይመጣብኛል። ሥራውን ለመልቀቅ ወስኜ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከኮሪደሩ ማዶ ላሉት ጎረቤቴ መምህርት ሳሳያቸው አነበቡትና መለሱልኝ። «ልልቀቅ ብትይ ማንም አይፈርድብሽም» አሉ። «ግን ልጅቷ ስትመለስ በሜዳው ላይ የምትፈልገው ሰው ማን ይመስልሻል?» ደብዳቤውን አላስገባሁም።

ኦክቶበር ሲመጣ ሌላው ፈተና ደረሰ። ቴክሳስ በ1984 ባወጣችው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ውስጥ፣ ያላለፈ ተማሪ አይወዳደርም የሚል ድንጋጌ አለ። በማንኛውም የትምህርት ዓይነት ከ70 በታች ያመጣ ተማሪ ለሦስት ሳምንት ከውድድር ይታገዳል። ከቡድኔ ፈጣኗ ልጅ በእኔው የአልጀብራ ክፍል ውስጥ ትማር ነበር። የማርክ ማስገቢያው ቀን ሲደርስ ደምሬ አየሁት፤ 66 ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ የወረዳው ውድድር ያልፋታል፤ ከወረዳው ካላለፈች ደግሞ ወደ ክልሉም ሆነ በራውንድ ሮክ ወደሚደረገው የግዛቱ ሻምፒዮና መሄድ የለም። በአገር አቋራጭ ሰባት ሯጮች ይሰለፋሉ፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቦታ ይቆጠራል። እሷ ከሌለች ቡድኑም የለም።

ብዙ ሰው መጣብኝ። «አራት ነጥብ ምንድን ነው?»፣ «ተጨማሪ ሥራ ስጫትና ሙዪላት»፣ «ልጅቷን ከሩጫ ውጪ የሚይዛት ነገር የለም» ተባልኩ። የመጨረሻው ነገር አሳመመኝ፣ እውነትነት ስለነበረው። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከፊቴ ተቀምጣ እኩልታ መፍታት እንዳልቻለች የማውቀው እኔ ነኝ። ያላወቀችውን ታውቃለች ብዬ ብፈርም፣ በጸደይ የግዛቱ የአልጀብራ ፈተና ሲመጣ የምትወድቀው እሷ ናት፤ ያ ፈተና ደግሞ ለዲፕሎማ ከሚጠየቁት አንዱ ነው። ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጬ ማርኳን አሳየኋት። «ጠላሽኝ?» አለችኝ። «ብጠላሽ ኖሮ 70 እሰጥሽና እገላገልሽ ነበር» አልኳት።

ሕጉ የታገደን ተማሪ ከልምምድ አይከለክልም። ስለዚህ ከቡድኑ ጋር ሳይነጋ ትሮጣለች፣ ከዚያ ፀጉሯ ሳይደርቅ ክፍሌ ገብታ ከደወሉ በፊት አልጀብራ እንሠራለን። እናካፍላለን፣ እናጣፋለን፣ ስህተቷን ራሷ እንድታገኘው እተዋታለሁ። የወረዳው ውድድር ያለ እሷ ተካሄደ፤ ቡድናችን አላለፈም። እሷ ግን በአጥሩ ዳር እየሮጠች የጓደኞቿን ስም ስትጠራ ዋለች። በጸደይ የአልጀብራውን ፈተና አለፈች። ውጤቱ የታወቀ ቀን ክፍሌ ድረስ መጥታ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

እኔም በዚያው ወራት የራሴ ፈተና ነበረብኝ። የተለማማጅ ፈቃዴ ዓመቱ ሲሞላ ያበቃል፤ ለመቀጠል የማስተማር ሥነ ዘዴውን ፈተና ማለፍ አለብኝ። መጀመሪያ የተቀመጥኩ ጊዜ በጥቂት ነጥብ ጎደለኝ። ፈተናው የሚጠይቀው ከመልሶቹ መካከል ለተማሪው የሚበጀው የቱ እንደሆነ ነው፤ ድካምና የእንቅልፍ ማጣት ላለበት ሰው ሁሉም መልስ ትክክል ይመስላል። ከስድስት ወር በኋላ ሥራ አልባ መሆኔን እያሰላሁ ቆየሁ። የቤት ኪራይና የፕሮግራሙ ክፍያ ያሳስቡኛል። የአገር ቤት ቤተሰብም አለብኝ። ጎረቤቴ መምህርት መጽሐፍ አልገዙልኝም። ጥያቄዎቹን ሲያነቡልኝ «ይህን ልጅ ታውቂዋለሽ፤ ሦስተኛ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ነው። ምን ታደርጊለታለሽ?» እያሉ እያንዳንዱን ጥያቄ ወደ ክፍሌ ይመልሱልኝ ነበር። በጸደይ በድጋሚ ተቀመጥኩ፣ አለፍኩ። የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ መደበኛው ፈቃድ ተሰጠኝ። በየአምስት ዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ለማደስ የ150 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይጠይቃል።

መምህርነትንና አሠልጣኝነትን አንድ ላይ መያዝ ሁለት ሥራ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ያደግኩት አርሲ ውስጥ ነው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሠለጠኑት የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ዓለም ያየው ሯጯን ነው፤ ከኋላዋ ግን ጠዋት ጠዋት ልጆችን የሚሰበስብ መምህር ነበረ። ሜዳው ልጁን ለክፍሉ ያዘጋጀዋል፣ ክፍሉም ለሜዳው። ያን የአልጀብራዋን ልጅ ያተረፍኳት በሜዳው በኩል ነው፤ ጠዋት ተነስታ እንድትመጣ ያደረጋት ሩጫው ነበረና።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። አማራጩ መንገድ ጥሩ መንገድ ነው። በሌላ አገር የተማረን ሰው ዲግሪ ከመሳቢያ አውጥቶ ለልጆች እንዲጠቅም ያደርጋል፤ ለእኔም አድርጎልኛል። ነገር ግን ፈቃዱ ሰውን ክፍል ያስገባዋል እንጂ መምህር አያደርገውም። መምህር የሚያደርገው አጠገቡ የሚቆም ሰው ነው። በቴክሳስ በቅርብ ዓመታት አዲስ ከሚቀጠሩት መምህራን ከሦስቱ አንዱ ያህል ምንም ፈቃድ ሳይኖረው ነው ክፍል የገባው። እነዚህ ሰዎች ሲወድቁ አብረዋቸው የሚወድቁት ልጆች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም የድሃና የስደተኛ ልጆች ናቸው። የኛም ልጆች ከእነሱ መካከል አሉ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ይህን መንገድ የምትጀምሩ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁትን ልንገራችሁ። የክፍያውን መጠን ብቻ አትጠይቁ። መካሪዬ ማን ነው? የሚያስተምረው እኔ የማስተምረውን ነው ወይ? የእሱና የእኔ ነፃ ክፍለ ጊዜ ይገናኛል ወይ? ክፍሌን በሳምንት ስንት ጊዜ ያየዋል? ብላችሁ ጠይቁ። ስፖርት ከሰጧችሁ የበረዶ ገንዳው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሞላው ሳታዩ አንድ ልጅ አታስሩጡ። ወንበር የሚሰጣችሁ፣ ሰው ግን የማይሰጣችሁ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ሌላ ፈልጉ፤ የሒሳብ፣ የሳይንስና የልዩ ፍላጎት መምህር የሚፈልግ ትምህርት ቤት ሞልቷል።

እኚያ መምህርት ጡረታ ወጥተዋል። እኔ አሁን የአዳዲስ መምህራን መካሪ ነኝ፤ ስመደብ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነፃ ክፍለ ጊዜዬ ከአዲሱ መምህር ጋር እንዲገጥም ነው፣ ተፈቅዶልኛል። ከእናንተ መካከል ቀድማችሁ የገባችሁ፣ በአሜሪካም ሁኑ በአገር ቤት፣ ከጎናችሁ ባለው ክፍል ዘንድሮ አዲስ መምህር ከገባ፣ ማንም እስኪመድባችሁ አትጠብቁ። ምሳችሁን ይዛችሁ በሩን አንኳኩ።